የቆጠብኳት ዓይን

ሰው ዓይኑ ሲደክም መጀመሪያ የሚያውቀው ጎረቤቱ ነው፤ መጨረሻ የሚያምነው ራሱ ነው። በመካከል ሚስትና ልጆች አሉ። እነሱ ያውቃሉ፣ ግን አይናገሩም፤ በተለይ አባወራው እንደ እኔ ፊቱ የማይፈታ ሰው ከሆነ። ፊቱን ቋጥሮ ለሚኖር ሰው ማን ደፍሮ «ያ የምትጠራው በሬ ቁጥቋጦ ነው» ይለዋል? ዝም ብለው ቁጥቋጦውን ሲጠራ ያዩታል።

ዘለቀ እባላለሁ። ከሽንፋ ወረድ ብሎ፣ ከሱዳን ጠረፍ ብዙ በማይርቅ ቆላ ሰሊጥና ማሽላ አርሳለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። አንድ ቀን የጠፋ ወይፈን ልፈልግ ወጣሁ፤ ወይፈኑ ተገኘ፣ እኔ ግን ወደ ክፍሉ ሳልመለስ ቀረሁ። ብዙ አለመናገሬን አገሩ ሁሉ ያውቃል። «ታዲያ ይህን ሁሉ እንዴት ጻፍከው?» የሚለኝ ቢኖር፣ መጻፍ መናገር አይደለም። ወረቀት መልሶ አይጠይቅም፣ መሀል ገብቶም አያቋርጥም። ሰውም እንዲህ ቢሆን ኖሮ እኔም ወሬኛ ይወጣኝ ነበር።

ከዝምታዬ ሌላ የምታወቅበት ነገር ዓይኔ ነው። ለምን እንደሆነ ሰሊጥ ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። ሰሊጥ ተንኮለኛ እህል ነው። ማሽላ ቢበስል ቆሞ ይጠብቅሃል፤ ሰሊጥ አንተን መጠበቅ ውርደት ይመስለዋል። ቀድመህ ካጨድከው ፍሬው ይቀጭጫል። ከዘገየህ ደግሞ ፍሬውን የያዘው ኮሮጆ አፉን ከፍቶ የዓመት ልፋትህን መሬት ላይ ይዘረግፈዋል፤ ያንን ከአፈር ለይቶ የሚለቅመው ጉንዳን ብቻ ነው። በመካከል ያለው ጊዜ ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት ቀን ነው። የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምር፣ የታችኛው ኮሮጆ ጫፉ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ታወጣለች። ያቺን ስንጥቅ በጊዜዋ የሚያይ ሰው ሰፈሩን ሁሉ ያሳጭዳል። ሃያ ዓመት ያህል በእኛ ሰፈር ያ ሰው እኔ ነበርኩ። መስከረም ሲገባደድ ጎረቤቶቼ በማለዳ ደጄ ላይ ይቆማሉ፤ እኔ ማሳውን ዞሬ እመጣና «ነገ» እላለሁ። አንድ ቃል ብቻ። ማጭድ ሁሉ ይሳላል፣ ሠራተኛ ሁሉ ይጠራል። አዋጅ የሚያስነግር ንጉሥ እንኳ ነጋሪት ያስፈልገዋል፤ ለእኔ ነጋሪትም አላስፈለገኝም።

ያቺ ዓይን ታዲያ አንድ ናት። ቀኙን ድሮ የማሽላ አገዳ ወግቶት ሰውን ከጥላው አይለይም። ሥራውን ሁሉ የያዘችው ግራዋ ነበረች። እሷም አንድ ዓመት በጋው ላይ መደብዘዝ ጀመረች። መሀሉ ይጨልምና ዳር ዳሩ ብቻ ይታየኛል፤ ቀጥ ያለው የቤቱ ምሰሶ እንደ እባብ ይጠማዘዝብኛል። ለማንም አልተናገርኩም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ ግን ተረት ሁሉ ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስለናል አይደል?

በግንቦት ምንጣሮ ላይ ሠራተኞቹን ልቆጣጠር ሄድኩ። አንዱ ሥራ ትቶ ቁጭ ብሏል። ተነስ አልኩት፣ አልተነሳም። ደግሜ በኃይል ገሠጽኩት፤ አሁንም ዝም። እንዲህ ያለ ንቀት አይቼ ስለማላውቅ ከሥራው አባርሬሃለሁ አልኩት። አያናው የሚባል ከጎጃም እየመጣ በየዓመቱ እኔ ዘንድ የሚሠራ የሠራተኞቹ አለቃ ከኋላዬ ቀረበና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ እሱ እንኳን ዘንድሮ አምናም አልተነሳም፤ ጉቶ ነው» አለኝ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ጉቶውን ያን ቀን ከሥሩ አስነቀልኩት፤ እኔ ያባረርኩት እርሻዬ ላይ አይቆይም።

ምስጢሬን ያወጣችው ግን ስንዱ ናት። ስንዱ የበኩር ልጄ ስትሆን መተማ ዮሐንስ ታስተምራለች። ለዘር የሚሆን ጆንያ ልገዛ መተማ ወርጄ ባጃጅ መቆሚያው አጠገብ ስቆም አንዲት ሴት መጥታ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። ደህና ልጅ ናት ብዬ «እግዜር ይስጥልኝ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አልኳት።

ቀና ብላ ዓይኔን አየች። ከዚያ «የእርስዎ፣ አባዬ» አለችኝ።

ቀልዴን ነው አልኳት። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነበር። ብቆጣ፣ ፀሐዩ ነው ብል፣ አቧራ ገብቶብኝ ነው ብል ታምነኝ ነበር። እኔ ግን በሕይወቴ ቀልጄ አላውቅም፤ ልጄ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ጆንያውን ሳልገዛ እጄን ይዛ ቤቷ ወሰደችኝ፤ በማግስቱ ማለዳ አውቶቡስ ላይ ነበርን። መንገዱን ሙሉ ከጎኔ ተቀምጣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች። እኔ የማላይ መስሏት ነው። ማየቱንስ አላየሁም፤ አፍንጫዋ ሲሳብ ግን ሰማሁ።

ጎንደር ያየኝ ሐኪም ልጅ እግር ነው፤ ከስንዱ ብዙም አይበልጥም። በመሣሪያው ሲያየኝ ቆየና ችግሩን እንደ ገበሬ አድርጎ አስረዳኝ። ዓይን ከጀርባው ስስ ሽፋን አላት፤ የምናየው በእሷ ነው። የእኔው ተቆጥቶ፣ ውሃ ቋጥሮ አብጧል፤ ረግረግ እንደገባ ማሳ ማለት ነው። ውሃው ቶሎ ካልተጠነፈፈ የበቀለው ሁሉ ይሞታል። መድኃኒቱ በመርፌ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ግን ቶሎ ስለሚያልቅ በየወሩ እየመጡ መወጋት ያስፈልጋል አለ።

ስንዱ በየወሩ የሚለውን ስትሰማ ተናገረች። ሰኔ ገብቷል፤ ሐምሌ ላይ ወንዙ ይሞላል፣ መንገዱ ጥቁር ጭቃ ይሆናል፤ ትራክተር እንኳ ሆዱ ድረስ ይሰምጣል፤ እስከ መስከረም ከዚያ ቆላ የሚወጣ ሰው የለም አለችው። ሐኪሙ ዝም አለ። የዝምተኛ ሰው ዋጋ የማውቅ እኔ ነኝና ወደድኩት። ከዚያ ተነሥቶ ከመደርደሪያው አንዲት እሽግ አወጣ። ሊያስተምሩ ከውጭ የመጡ ሐኪሞች ጥቂት ትተውልን ሄደዋል፤ ይህን መቀበል ያለበት መንገድ የሚዘጋበት ሰው ነው አለ። እንግዲህ ፍረዱ፤ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከሚጠብቁት የከተማ ሰዎች ሁሉ መርጦ ለእኔ የሰጠኝ ለጭቃዬ ሲል ነው። ያ ጭቃ ሲያማርረኝ ኖሮ በዕድሜው አንድ ቀን ውለታ ዋለልኝ።

ነገሪቱን ለስንዱ በምስል አሳያት፤ ለእኔ በቃል ነገረኝ። ርዝመቷ ከሩዝ ፍሬ አትበልጥም፤ ውፍረቷ እንደ ስፌት ክር ነው። ትልቅ ነገር ስጠብቅ ይህቺን ስሰማ፣ እውነቱን ልናገር፣ ናቅኳት። ሐኪሙ እንዲህ አለኝ፦

«ይህቺ ዓይንዎ ውስጥ ትቀመጣለች። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መድኃኒት እየለቀቀች፣ ራሷም እየሟሟች ትሄዳለች። ሥራዋን ስትጨርስ የለችም፤ ማውጣት የሚባል ነገር የለም። ሦስት ወር፣ አንዳንዴም አራት ወር ትቆያለች። ጥያቄ አለዎት?»

«የለኝም» አልኩ።

የለኝም ያልኩት ስለሌለኝ አይደለም። አሥራ አንድ ያህል ነበረኝ። ግን ልጄ ፊት፣ የልጄ እኩያ የሆነ ሰው ፊት፣ ጢሜ የሸበተ ሰው «ደግመህ ንገረኝ» ልበል? እንግዲህ ከዚህ በኋላ የደረሰብኝ ሁሉ የመጣው ከዚች «የለኝም» ነው። በሽታው የራሱን አድርጓል፤ የተረፈውን ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ዓይኔን የሚያደነዝዝ ጠብታ አደረጉልኝ። ቀዘቀዘኝ፤ ጥቂት ተጫነኝ፤ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ አለቀ። ሱሪዬን እሾህ ሲይዘው እንኳ ከዚህ የባሰ ሥቃይ አይቻለሁ። ዓይኔን ሸፈኑልኝና ሽፋኑን ነገ እንዳነሣው፣ ጠብታውን ለጥቂት ቀን እንድጠቀም፣ ወንዙ ሲጎድል ደግሞ መተማ ያለችው የዓይን ነርስ የዓይኔን ግፊት እንድትለካልኝ ነገሩኝ። ያመመኝ ወይም የቀላ እንደሆነ ግን ጭቃም ቢሆን በሰው ሸክም እንድመጣ ሐኪሙ አስጠነቀቀኝ። አላመመኝም፣ አልቀላም። ጠብታውንም አንድ ቀን ሳላጎድል ተጠቀምኩ። እምቢ ያልኩት ሽፋኑን ማንሣቱ ላይ ነው።

ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ስሌት ጀመርኩ። ዛሬ ሰኔ ነው። ሦስት ወር ከሆነ መድኃኒቱ መስከረም ላይ ያልቃል፤ አጨዳው ደግሞ መስከረም መጨረሻ ነው። ለጥቂት ቀን ይጎድለኛል ማለት ነው! ዓይኔ ክረምቱን ሙሉ አረምና ጭቃ ስታይ ከርማ፣ ያቺ የፀጉር ስንጥቅ በምትወጣበት ቀን ልትጠፋብኝ? ምን ይሻላል?

ቆላ የኖረ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ያውቃል። ክረምት ከገባ ናፍጣ አይመጣም። በርሜልህ ውስጥ ባለው ትከርማለህ። ትራክተሩን አቁሞ ሲጋራ እስኪያጨስ ሞተሩን የማያጠፋ ሹፌር እኔ ዘንድ ሁለተኛ ቀን አይውልም። የቆመ ሞተር ናፍጣ አይጠጣም። እንግዲህ የማትሠራ ዓይን መድኃኒት ለምን ትጠጣለች? ይህን ሳስብ በራሴ ብልህነት ተገረምኩ። ሐኪሙ ይህን ያልነገረኝ የከተማ ሰው ስለሆነ ነው፤ የእሱ አገር ናፍጣ በክረምትም ይመጣል።

በማግስቱ ሽፋኑን አላነሣሁም። ዓይኔን ጨፍኜ በነጭ ጨርቅ አሰርኳት። ለአጨዳው ቀን አስቀመጥኳት።

ባለቤቴ ጥሩዬ ጨርቁን በየሁለት ቀኑ እየቀቀለች ትቀይርልኝ ጀመር። ምሥጢሩን ለምን አልነገርካትም ትሉኝ ይሆናል። ጎተራው የሞላ ሰው በሰፈር ዞሮ ጎተራዬ ሞልቷል ይላል እንዴ? ደግሞ ጥሩዬ ከሰማች ጎረቤታችን እሸቴ ይሰማል፤ እሸቴ ከሰማ ወሬው ሳይመሽ ወንዙን ተሻግሮ ሱዳን፣ ገላባት ይገባል፤ ወንዝ ቢሞላ ለእሸቴ ወሬ አይሞላም።

ክረምቱ እንዲህ ጀመረ። በቀኝ ዓይኔ ጥላ እያየሁ ጥሩዬ እጄን ይዛ እንድትመራኝ ፈቀድኩ። በየቀኑ ማሳ ዳር ታደርሰኛለች። «ቅጠሉ ምን መሰለ?» እላታለሁ። ትነግረኛለች። «ከሥሩስ?» እላታለሁ። ጎንበስ ብላ አይታ ትነግረኛለች። «እም» እላለሁ። የሁለታችን ጨዋታ ይኸው ነበር፤ በሠላሳ ዓመት ትዳራችን ውስጥ እንደዚያ ክረምት አውርተን አናውቅም።

ሰፈሩ ደግሞ የዘለቀ ዓይን ጠፋች ብሎ አመነ። ሊጠይቁኝ መጡ። የሰው ነገር ይገርማል፤ አንድ ሰው አላየም ብለው ካመኑ አልሰማም ብለውም ያምናሉ። አጠገቤ ተቀምጠው እንደ ሌለሁ ያህል ያወሩብኛል። ያን የመሰለ ዓይን እንዲህ መና ይቅር? ጎንደር ድረስ ሄዶ የባሰውን አሸክመው ላኩት እኮ! ይላሉ። ያን ደግ ሐኪም ሲያሙት አንጀቴ ይቃጠላል፤ ግን ጨርቄን ፈትቼ እንዳልመሰክርለት ናፍጣው አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እሸቴ ከሁሉም ብሶ፣ ሰዎቹ ዘንድሮ አጨዳውን በማን ዓይን ነው የምናየው ብለው ሲጨነቁ፣ ምን ታስባላችሁ እኔ አለሁ አይደል አለ። ጥሩዬ ከጓዳ ሆና፣ «አዬ እሸቴ! አምናስ የራስህን ማሳ ራስህ አይተህ አይደል ግማሹን ለጉንዳን የገበርከው?» አለችው። ሁሉም ሳቁ። እኔም በውስጤ ሳቅሁ፤ ፊቴ ላይ ግን አላሳለፍኩትም።

እሑድ እሑድ ብቻ ሞተሩን አስነሣለሁ፤ እንዳይዝግ። ከመጋዘኑ ጀርባ ሄጄ፣ ጨርቁን ገለጥ አድርጌ፣ ሰማዩን አያለሁ። መጀመሪያ ቀን ዓይኔ ውስጥ አንዲት አጭር ጥላ ስትንሳፈፍ አየሁ፤ ያቺው የሩዝ ፍሬ ናት። ዓይኔን ሳንቀሳቅስ ትወዛወዛለች፣ ስቆም ቀስ ብላ ትሰፍራለች። ሠራተኛዬን ሥራ ላይ ያገኘሁት ያህል ደስ አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት የሩቁ ዛፍ ቅርንጫፉ ተለየልኝ። በአራተኛው የመጋዘኑ ቆርቆሮ ሚስማር በሚስማር ታየኝ፤ የተጠማዘዘው ምሰሶም ቀጥ ብሏል። እውነት እላችኋለሁ፣ ያን ቀን ሚስማሮቹን ሁለት ጊዜ ቆጠርኳቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ምንም አላደረግኩም፤ ተኝቼ ሳድር፣ ከእሸቴ ጋር ተቀምጬ ስበሳጭ፣ እሷ ማንም ሳያያት ስትሠራ ከርማለች። ስንት ሠራተኛ አሳልፌያለሁ፤ ባለቤቱ ዞር ሲል እጁ የማይዝል አንድም አላየሁም፤ አያናውም ቢሆን ይህን ሳነብለት ይስማማል። ይህቺ ግን ምሳ አልጠየቀች፣ ዝናብ ነው ብላ አልቀረች።

አንድ ነገር ግን አሳሰበኝ። ጥላዋ በየሳምንቱ ታጥራለች፤ ጠርዟም እየተቆራረሰ ነው። ይህን ያህል ቆጥቤ እንዲህ ካለቀች፣ ባልቆጥብማ ኖሮ እስካሁን የት ደርሳ ነበር? ብዬ የእሑዱን ሰዓት በግማሽ ቀነስኩ።

አንድ እሑድ ጥሩዬ አንድ ዓይኔን ገልጬ ወደ ሰማይ እያየሁ አገኘችኝ። በጥድፊያ ሸፈንኩት። የምጸልይ መሰላት መሰለኝ፣ ሳትናገር ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ግን እጄን ስትይዘኝ ጠበቅ አድርጋ ነበር። ያን ጊዜ ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። መዋጥ ለምዶብኛል።

መስከረም ገፋ፤ ወንዙ ጎደለ። ስንዱ ደውላ የዓይን ነርሷ ዘንድ ካልመጡ እኔው መጥቼ እወስድዎታለሁ አለች። የሰሊጡን ኮሮጆ በእጄ ዳበስኩት፤ ገና አረንጓዴና ጠንካራ ነው፤ ሰባት ስምንት ቀን አለው ብዬ ሄድኩ። መተማ ስደርስ ነርሷ ለሥራ ገጠር ወጥታለች፤ ሦስት ቀን ጠበቅኳት። በሦስቱ ቀን ከሱዳን በኩል እሳት የሚመስል ነፋስ ተነሣ። እኔ ያን ነፋስ አውቀዋለሁ። የስምንት ቀኑን ብስለት በሦስት ቀን ይጨርሰዋል። በስንዱ ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል ዋልኩ፤ ክረምቱን ሙሉ የቆጠብኳት ዓይን እዚህ ጨርቅ ውስጥ፣ ስንጥቋ ደግሞ እዚያ ማሳ ላይ!

ነርሷ መጣች። ገና ስታየኝ ቆመች።

«ዓይንዎን ማን አሸገው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

ስንዱ እያየችኝ ነው። መዋሸት አልችልም፣ ዝም ማለትም አልተቻለም። «እንዳያልቅ» አልኩ። ምኑ እንዳያልቅ ስትለኝ የሞተሩን፣ የናፍጣውን፣ የአጨዳውን ነገር ሁሉ ነገርኳት። እንደዚያ ረጅም ንግግር አድርጌ አላውቅም። ነርሷ ከንፈሯን ነከሰች፤ ጨዋ ሴት ናት። ጨርቁን ፈታች፣ ግፊቱን ለካች፤ ደህና ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰንጠረዥ ከላይ እስከ ታች አስቆጠረችኝ፤ ከሁለቱ የመጨረሻ መስመሮች በቀር ሁሉንም አየሁ። ከዚያ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«አባቴ» አለችኝ፣ «መድኃኒቱ ዓይንዎ ቢከፈትም ቢጨፈንም እኩል ይሟሟል። የሚያሟሟው በዓይንዎ ውስጥ ያለው ውሃ ነው፤ ማየትዎ አይደለም። ካመለጠዎት አንድ ነገር ቢኖር ክረምቱ ነው። ሐኪሙን አልጠየቁትም?»

«አልጠየቅኩም።»

ስንዱ ወደ መስኮቱ ዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ማልቀሷ ነው ብዬ ደነገጥኩ፤ ፊቷ ላይ እንባም ነበረ፤ ግን ልጄ ያን ቀን ከሳቅ በቀር ሌላ አላደረገችም። አሁን ስለማይ አረጋግጬ ነው የምናገረው።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኸው ነው። ሦስት ወር ሙሉ ማየት ስችል በጨለማ ከረምኩ። ግን ለመቆጨት ጊዜ አልነበረኝም፤ ነፋሱ አለ። በተገኘው የጭነት መኪና ተሳፍሬ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ዓይኔን ከፍቼ የየሰውን ማሳ አየሁ፤ እዚህ ተዘርግፏል፣ እዚያ ገና ነው፣ እዚያ ማዶ ባለቤቱ ራሱን ይዞ ቆሟል። የእኔስ? ልቤ ከመኪናው ቀድሞ ሮጠ።

ከመኪናው ወርጄ ጉብታውን ስወጣ ማሳዬን አየሁት። ቆሞ የሚጠብቀኝ ሰሊጥ የለም። ከዳር እስከ ዳር ታጭዷል፤ ነዶው እየታሰረ፣ ጭንቅላቱ ወደ ሰማይ እየተደገፈ፣ እንደ ወታደር ተሰልፎ ቆሟል። አንድ ሰው ወስኗል ማለት ነው። ማን? እሸቴ ከሆነ አልቀናል።

ነዶዎቹ መካከል ገባሁ። ኮሮጆዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። የታችኞቹ ጫፋቸው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች፤ ያቺ ብቻ፣ ከዚያ አላለፈችም። ተንበርክኬ መሬቱን አየሁ። ያ ሁሉ ሐኪም የደከመባትን፣ ያ ሁሉ ወር የተቆጠበችውን ዓይኔን ጥፋት ፍለጋ አሰማራኋት። ዞሬ ዞሬ ሰባት ፍሬ ሰሊጥ አገኘሁ። ሰባት ፍሬ ለወቀሳ አይበቃም።

አያናው መጣ። ተንበርክኬ ሲያየኝ ሊያነሣኝ እጁን ዘረጋ፤ ሰባቱን ፍሬ መዳፌ ላይ አሳየሁት። ሰውየው ክው ብሎ ቀረ። ማን አሳጨደው ስለው ነገረኝ። ነፋሱ በተነሣ በማግስቱ እትዬ ጥሩዬ ብቻዋን ማሳ ወርዳ፣ ጎንበስ ብላ አይታ ተመልሳ «ነገ» አለችው። እሱ ፈርቶ፣ ጋሼ ሳይመጡ? ቢላት፣ «ሰሊጡ ጋሼን አይጠብቅም» አለችው። ሰፈሩም የዘለቀ ማሳ መታጨዱን ሲያይ፣ ዘለቀ ነፋሱን አውቆት ከመተማ ስልክ ደውሎ ነው ብሎ ማጭዱን ይዞ ወጣ። ማንም ማሳ ላይ ጉንዳን አልጠገበም፤ የእሸቴን ጨምሮ።

ቤት ስገባ ጥሩዬ ደጁ ላይ እህል እያበጠረች ነበር።

«ማን አየው?» አልኳት።

«እኔ።»

«ደህና አይተሻል።»

ሰፌዱን አስቀመጠች። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ከእኔ ሰምታ አታውቅም። ቀና ስትል ዓይኔ ላይ ጨርቅ የለም። ቀርባ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። «ታያለህ?» አለችኝ።

«አያለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሐምሌ» አልኩ።

ሰው እውነት መናገር ሲጀምር መጠኑን አያውቅም። እጇን ከፊቴ አነሣች። ክረምቱን ሙሉ በጭቃ የመራችኝ፣ ጨርቅ የቀቀለችልኝ፣ ለዓይኔ ስለት የተሳለች ሴት እህሏን ይዛ ገባች። አንድ ሳምንት አላናገረችኝም። ዝምታ ከሌላ ሰው ወገን ሲመጣ ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ሳምንት ተማርኩ፤ ለትምህርቱም አራተኛ ክፍል በቃኝ።

ያ ካለፈ ቆይቷል፤ ቀኑን የቆረጠችው ማን እንደሆነችም ከእሸቴ አፍ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። በበጋው ዓይኔ ትንሽ መልሳ ስትደበዝዝብኝ ጎንደር ሄድኩና ሐኪሙ ሁለተኛዋን አስገባልኝ። «ጥያቄ አለዎት?» ሲለኝ አሥራ አንዱንም ጠየቅኩት። በአምስተኛው ላይ ተቀመጠ፣ በዘጠነኛው ላይ ውሃ ጠጣ፤ ሁሉንም ግን መለሰልኝ። ስትሟሟ ወደ ምን ትለወጣለች ብዬው፣ ከመድኃኒቱ በቀር ያለው አካሏ ወደ ውሃና ወደምንተነፍሰው አየር ዓይነት ይለወጣል አለኝ። ይህን ስሰማ ባርኔጣዬን አወለቅኩ። ገብታ፣ ሠርታ፣ ምስጋና ሳትጠብቅ፣ ዱካዋን እንኳ ሳትተው የምትሄድ! ይህን የፈጠረ ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሽንፋን በካርታም አይቶ አያውቅ ይሆናል፤ ግን በክረምት መንገድ የሚዘጋበት ሰው እንዳለ አስቦልናል። ሰው የማያውቀውን ሰው ጭቃ አስቦ መድኃኒት ሲሠራ፣ እኔ አጠገቤ ያለችውን ሴት ሠላሳ ዓመት አላየኋትም ነበር። ለዚያ ደግሞ መድኃኒት አልነበረም፤ መጨፈን ነበረብኝ መሰለኝ።

ያለፈው መስከረም መጨረሻ በማለዳ ደጄ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሰዎች ጉብታውን ሲወጡ ከሩቅ አየኋቸው። ስድስት ናቸው፤ እሸቴ ከፊት ነው፤ በግራ እጁ ዱላ ይዟል፤ የጫማው ማሰሪያ ተፈቷል። ሁሉን አንድ በአንድ ለየሁ። ዓይኔ እንዲህ ጠርታ አታውቅም። አጨዳው የሚጀመርበትን ቀን ሊጠይቁ እንደመጡ ገባኝና ጉሮሮዬን አጸዳሁ፤ ቃሌን አዘጋጀሁ። እሸቴ ደርሶ ባርኔጣውን አነሣ፣ እንደምን አደሩ አለኝ፣ እግዜር ይመስገን አልኩት። ከዚያ አንገቱን በትከሻዬ ላይ አሳልፎ ወደ ቤቱ ውስጥ እያየ፦

«ጋሼ፣ እትዬ ጥሩዬ አሉ?» አለ።